የመምህርነት ሰርተፊኬሽን ምንድን ነው? ማስተርስ አይደለም

በቀደም አንድ ሰው ለእህቶቻችን ሲመክር ሰማሁት። «በቅድመ መደበኛ ትምህርት ማስተርስ ያዢ፣ ሰርተፊኬሽኑ አብሮ ይመጣል፣ እሱ ፎርማሊቲ ነው» ይላል። ይህን ምክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። እኔ በዋሽንግተን ዙሪያ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ሰዎችን ክፍል ገብቼ የምከታተል ሰው ነኝ። ምክሩን አምነው የተጎዱትን በዓይኔ አያለሁ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ማስተርስ ምን እንደሆነ አላብራራም። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሰጠው። ሰርተፊኬሽን የሚሰጠው ግን ግዛቱ ነው። ሜሪላንድ የራሱ አለው፣ ቨርጂኒያ የራሱ አለው፣ ዲሲም የራሷ አላት። በተለምዶ «ላይሰንስ» የምንለው፣ የማስተማር ፈቃዱ ማለት ነው።

ያሳሳተን ቃሉ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ሰርተፊኬት ማለት ኮርስ ሲያልቅ በጭብጨባ የምንቀበለው ወረቀት ነው። የሦስት ቀን ሥልጠናም ሰርተፊኬት አለው። ስለዚህ አንዷ «ሰርተፊኬት አለኝ» ስትለኝ የዴይ ኬር ሥልጠና ይሁን፣ ሲዲኤ ይሁን፣ የግዛት ፈቃድ ይሁን መልሼ መጠየቅ አለብኝ። ሲዲኤ፣ ማለትም ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚሠሩ የሚሰጠው የሙያ ማረጋገጫ፣ የ120 ሰዓት ትምህርትና ከልጆች ጋር የተሠራ 480 ሰዓት ይጠይቃል። በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ለዴይ ኬር ትልቅ ነገር ነው፣ አከብረዋለሁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት የፕሪኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው) ክፍል መምህር ለመሆን ግን አይበቃም።

እስቲ ከቤታችን ምሳሌ ላምጣ። አንድ ሰው ድጓ ዘልቆ፣ ቅኔ ተቀኝቶ፣ መጻሕፍቱን ሁሉ ተርጉሞ ሊቅ ሊባል ይችላል። ጳጳስ እጁን ጭኖ ክህነት ካልሰጠው ግን መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ጢሙን ያላበቀለ ልጅ ዲቁና ተቀብሎ ሲገባ፣ ሊቁ ከውጭ ይቆማል። ሊቁን የናቀው የለም፤ ዕውቀቱ የራሱ ነው። ፈቃዱ ግን ከሌላ እጅ ነው የሚመጣው። ማስተርሱ ዕውቀቱ ነው፣ ላይሰንሱ ክህነቱ። ዲያቆኑ የቄሱን ሥራ እንደማይሠራ ሁሉ፣ የቅድመ መደበኛው ፈቃድም ልክ አለው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ከፕሪኬ እስከ 3ኛ ክፍል ነው። ከዚህ በኋላ ምሳሌዬ አይሄድም። ጎንደር የተሾመ ቄስ ሸዋም ሄዶ ይቀድሳል። የሜሪላንድ ላይሰንስ ግን ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ላይ እንዲሁ አይሠራም፤ እንደገና ማመልከት አለ። ክህነት ጊዜው አያልፍም፣ ላይሰንስ ግን ያልፋል። የቨርጂኒያው የሚታደስ ፈቃድ እንኳ 10 ዓመት ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እህት ዲፕሎማዋን በፕላስቲክ ሸፍና ይዛልኝ መጣች። ቀን ዴይ ኬር እየሠራች፣ ልጆቿን እያስተኛች፣ ማታ ማታ ኦንላይን ሁለት ዓመት የተማረችበት ማስተርስ ነው። ለትምህርት ቤት ስታመለክት «ላይሰንስሽስ?» አሏት። የፕሮግራሙን ገጽ አብረን ከፈትን። ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ ፕሮግራሙ ወደ መምህርነት ፈቃድ እንደማያደርስ ተጽፏል። «እኔ እኮ አንድም ቀን አልቀረሁም» አለችኝ። ምን ልበላት?

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ማስተርስ በሁለት መልክ ይሰጣሉ። አንደኛው ክፍል ውስጥ ገብተሽ በሌላ መምህርት ሥር የምታስተምሪበት ወራት አለው፤ ወደ ፈቃድ ያደርሳል። ሌላው ያ የለውም። የዲግሪው ስም ግን አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ የፌዴራል ደንቡ፣ ፕሮግራሙ የየትኛውን ግዛት መስፈርት እንደሚያሟላ ዩኒቨርሲቲው እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ፤ የግዛቱንም ስም ጥሪ። «ላይሰንስ ያስገኛል ወይ?» ብቻ ካልሽ «አዎ» ሊሉሽ ይችላሉ። የእነሱ «አዎ» ግን ስለ ሌላ ግዛት ሊሆን ይችላል።

ያ መካሪ የሳተው ሌላም ነገር አለ። ማስተርስ ለመነሻው ፈቃድ ብዙ ቦታ ግዴታ አይደለም። በግዛቱ የታወቀ የባችለር ፕሮግራምም ያደርሳል። ኒውዮርክ ጠበቅ ትላለች፤ የመጀመሪያው ፈቃድ 5 ዓመት ነው፣ ወደ ቋሚው ለመሻገር ማስተርስ ስትጠይቅ ቆይታለች። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘሽ ከመጣሽ ደግሞ መጀመሪያ ኮርስ በኮርስ አስገምግሚው። ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ገንዘብ ሳታፈሺ፣ የጎደለሽ ጥቂት ኮርስ ብቻ ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። ዴይ ኬር ወይም የግል መዋዕለ ሕፃናት ለመሥራት ለምትፈልግ ደግሞ ይህ ሁሉ ላያስፈልጋት ይችላል።

«ፎርማሊቲ» የሚለው ቃል ግን ከሁሉም ይከነክነኛል። ያቺ እህት በመጨረሻ የጎደላትን የክፍል ልምምድ ሌላ ቦታ ተመዝግባ ጀመረች። የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ተቀምጬ አየኋት። አንድ የአራት ዓመት ልጅ አራት ብሎክ ደርድሮ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት!» አለ። «አራት ነው የኔ ቆንጆ» አለችው፣ በፍቅር። ልጁ «እሺ» ብሎ ሄደ። ቁጥር መጥራትና መቁጠር አንድ አይደሉም። ልጁ ዜማውን ያውቀዋል፤ ለእያንዳንዱ ብሎክ አንድ ቁጥር እንደሚሰጥ ግን ገና አልገባውም። ዴይ ኬር ስትሠራ ስንት ዓመት ሆኗት፣ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። ከክፍል በኋላ ቁጭ ብለን አወራን።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ። ያው ልጅ፣ ያው ብሎክ። በርከክ ብላ «እስቲ እየነካህ ቁጠርልኝ» አለችው። ጣቱን አንዱ ብሎክ ላይ አሳረፈ፣ ወደ ቀጣዩ ወሰደ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመና ቀና ብሎ አያት። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችው።