ቸሮኪዎች ረትተው ነበር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቸሮኪ ሕዝብ ከአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት መባረሩን ብዙ ሰው ሰምቷል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረትቶ እንደነበር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በፍርድ ቤት ተሸነፉ»

ሁለት መዝገቦች ተምታተው ነው። በ1831 ቸሮኪዎች ጆርጂያን ሲከሱ፣ ፍርድ ቤቱ የውጭ መንግሥት ስላልሆኑ ክሱን በቀጥታ ለማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሳቸው። በዓመቱ ግን የሚስዮናዊው የሳሙኤል ዎርስተር ጉዳይ መጣ። ዎርስተር በቸሮኪዎች ዋና ከተማ በኒው ኢቾታ የቸሮኪን ጋዜጣ ለማቋቋም የረዳ ሰው ነው፤ ሴኮያ የተባለ ቸሮኪ የፈጠረው የጋዜጣው ፊደልም እንደ እኛው ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት አጣምሮ የሚይዝ ነው። ያለ ጆርጂያ ፈቃድ በቸሮኪ ምድር ኖረሃል ተብሎ አራት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። ከተፈረደባቸው 11 ሰዎች ዘጠኙ ይቅርታ ተቀብለው ሲወጡ፣ እርሱና ሌላው ሚስዮናዊ ኤሊዙር በትለር እምቢ ብለው ወህኒ ወረዱ። ማርች 3 ቀን 1832 ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል የጆርጂያ ሕግ በቸሮኪ ምድር ላይ አይሠራም ሲሉ ፈረዱ። ጆርጂያ ለክርክሩ ጠበቃ እንኳ አልላከችም።

«ፕሬዚዳንት ጃክሰን ‹ማርሻል ፈርዷል፤ እስቲ ራሱ ያስፈጽመው› አለ»

ይህ ንግግር በመጽሐፍ የታየው ጃክሰን ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። በእርግጥ የጻፈው ፍርዱ ሞቶ ተወልዷል የሚል ነበር። በወቅቱ እንዲያስፈጽም የደረሰው ትእዛዝም አልነበረም፤ ፍርዱ የተላለፈው ለጆርጂያ ፍርድ ቤት ነው፣ እርሱም ዝም አለ። ጃክሰንን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ የማፈናቀሉን ሕግ በ1830 የፈረመው እርሱ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው አፍ ላይ ስንለጥፍ፣ በዚያው በ1832 የቸሮኪን መሬት በዕጣ ለነዋሪዎቿ ያደለችው ጆርጂያ ከወቀሳ ታመልጣለች።

«መሬቱን በውል ለቀቁ»

የ1835ቱን ውል የፈረሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ዋናው አለቃ ጆን ሮስ አልፈረመም። ሴኔቱ ከሚያስፈልገው በአንድ ድምፅ ብቻ በልጦ አጸደቀው። በ1838 ወታደር ከየቤታቸው አስወጥቶ በስተ ምዕራብ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ግዛት ሰደዳቸው፤ በማጎሪያና በመንገድ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል።

«ያለፈ ታሪክ ነው»

በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደ ቸሮኪ ወደ ኦክላሆማ የተፈናቀለው የሌላው ቀደምት ሕዝብ፣ የክሪክ፣ ክልል ኮንግረስ ስላልሻረው ዛሬም አለ ብሎ ፈረደ። በ2021 የኦክላሆማ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህንኑ ለቸሮኪም አጸና። የማንም ቤት ወይም መሬት ባለቤትነት አልተነካም፤ የተለወጠው ወንጀልን የመዳኘት ሥልጣን ነው። በ2022 ግን በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ 4 ድምፅ፣ የቀደምት ሕዝቦች አባል ያልሆነ ሰው በአባላቱ ላይ የሚፈጽመውን ወንጀል በክልላቸውም ውስጥ የኦክላሆማ ግዛት መክሰስ ይችላል ተባለ። በዚህ ያልተስማሙት የፍርድ ቤቱ ዳኛ ኒል ጎርሰች በልዩነት ሐሳባቸው መጀመሪያ ላይ ያነሡት የዎርስተርን መዝገብ ነው።