ሴፍቲኔት ምንድን ነው? ስንዴውስ ከበሬው ጋር ምን አገናኘው?

«እገሌ ሴፍቲኔት ታቅፏል» ሲባል ብዙ ከተሜ ስንዴ ተሰፍሮለት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይታየዋል። ስንዴው አለ፤ ዋናው ጉዳይ ግን በረት ውስጥ ያለው ከብት ነው። ሙሉ ስሙ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው ገበሬው በክፉ ቀን ጥሪቱን ሸጦ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው።

ወሎ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ደላንታን፣ ለጋምቦንና ደሴ ዙሪያን የመሳሰለው ደጋ በልግ ጠባቂ ነው። በልግ ከቀረ መጀመሪያ በጉ ይሸጣል፣ ቀጥሎ ጊደሯ፣ መጨረሻ ላይ የእርሻ በሬው። ሁሉም ሻጭ ሆኖ ስለሚወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ ሁሉም እህል ገዢ ስለሆነ ደግሞ እህሉ ይወደዳል። በሬውን የሸጠ ሰው በክረምት መሬቱን ለባለ በሬ የእኩል ይሰጣል፤ ዝናቡ ጥሩ ቢሆን እንኳ የሚያገባው የምርቱን ከፊል ነው። አንድ ክፉ ዓመት የሚቀጥለውን ይዞ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። እህሉ ባይወደድ እንኳ መግዣ ያጣ ይራባል፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ሕዝቡ ያለቀው እህል ከገበያ ጠፍቶ ብቻ ሳይሆን መግዣ አጥቶ ነው።

ከሴፍቲኔት በፊት አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ድርቅ ይመጣል፣ መንግሥት ለጋሾችን ይማጸናል፣ እህሉ የሚደርሰው በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። በ1995 ዓ.ም. እርዳታ ፈላጊው ከ13 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ በየዓመቱ ከመለመን አስቀድሞ በጀት መያዝ ይሻላል ተባለ። ገንዘቡ ከመንግሥት፣ ከዓለም ባንክና ከሌሎች ለጋሾች ተውጣጣ፤ ሲጀመር የታቀፈው 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበር።

ሲጀመር የሚታቀፈው በተከታታይ 3 ዓመት፣ በየዓመቱ ቢያንስ 3 ወር ቀለብ ያጠረው ቤተሰብ ነበር። ጉልበት ያለው ይሠራል፤ በነፍስ ወከፍ በወር 5 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ። ሥራው እርከን፣ ኩሬ፣ የገጠር መንገድና የተራቆተ ተራራ መከለል ነው። ለቀኑ 3 ኪሎ እህል ወይም ገንዘብ ይታሰባል፤ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡ በቀን 6 ብር ነበር። አቅመ ደካማና አካል ጉዳተኛ ሳይሠሩ ያገኛሉ፤ ይህ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ነፍሰ ጡርም ከከባድ ሥራ ወጥታ ወደዚሁ ትዛወራለች።

እስከዚህ ድረስ በሬው አልተሸጠም፣ አልጨመረምም። ስለዚህ ሁለተኛ እግር ተቀጠለለት፤ ብድር፣ ለድሃ ድሃው ደግሞ የማይመለስ መነሻ ገንዘብ፣ ከግብርና ባለሙያ ምክር ጋር። ወሎ ላይ ብዙ ሰው ከሚመርጣቸው ሥራዎች አንዱ ድለባ፣ ማለትም ከብት አወፍሮ መሸጥ ነው። ከአዝመራ በኋላ አገዳውና ገለባው ሲተርፍ ከሲታ በሬ ከባቲ ወይም ከቅርብ ገበያ ይገዛል። ጥርሱ ይታያል፣ አጥንቱ ይታያል፤ የሚፈለገው የከሳ እንጂ የታመመ አይደለም። ከዚያ ሦስት ወር ያህል ታስሮ ይቀለባል፤ አገዳ ተከትክቶ፣ ፉርሽካ፣ ከተገኘም ፋጉሎ (የቅባት እህል ተጨምቆ የሚተርፈው)፣ የጠላ አተላ፣ ጨው። ሻኛው ሞልቶ ጎድኑ ሲሸፈን ሰንጋ ሆነ ማለት ነው።

ትርፉ ግን የሚወሰነው በሚሸጥበት ቀን ነው። የወሎ አድላቢ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ፋሲካም አለው፣ አረፋም አለው። ለአረፋ አንድ በሬ ለሰባት ሰው ስለሚበቃ ተጋርተው የሚገዙ አሉ። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ግን ዘንድሮ የተሳካ የማሰሪያ ጊዜ ለከርሞ ላይሠራ ይችላል። ከዐቢይ ጾም በፊት ያልሸጠ ደግሞ ለሁለት ወር ያህል መኖ እየገዛ ይጠብቃል፤ ብድሩ በዚያው መሀል ከተጠየቀ በሬው በርካሽ ይሄዳል። የመመለሻው ቀን ከበዓል ጋር ካልተገጣጠመ፣ ለእኔ ያ ብድር ድጋፍ አይደለም።

ጥሪት አፍርቶ ያለ እርዳታ ዓመቱን የሚዘልቅ «ተመረቀ» ይባላል። ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ነው። በበዓል ዋዜማ የታየ ሰንጋ የሀብት ምልክት ይመስላል፤ ግማሹ የብድር ገንዘብ መሆኑ ከውጭ አይታይም። ኮታ ለመሙላት ተብሎ ቸኩሎ የተመረቀ ቤተሰብ በአንድ የበልግ መቅረት ወደነበረበት ይመለሳል። አላግባብ ተሰረዝኩ የሚል ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል፤ ይህ ኮሚቴ ተጠቃሚዎቹን ከሚመርጠው ግብረ ኃይል የተለየ እንዲሆን በፕሮግራሙ መመሪያ ተቀምጧል። አቤቱታ ይዞ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ የሚያጣራው በቀበሌው ሁለቱ በእርግጥ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ነው።