ግራፊቲ፦ በግድግዳ ላይ ስም የማስጠራት ባህል

ባቡር ሐዲድ ዳር ባለ ግድግዳ ላይ የተጠማዘዘ፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ፊደል አይታችሁ ለማንበብ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ያለው ስም ነው። እናትና አባት ያወጡት ስም አይደለም፤ ባለቤቱ ለመንገድ ብሎ ለራሱ ያወጣው ነው። ግራፊቲ ከሁሉ በፊት የጽሕፈት ባህል ነው። ሠሪዎቹም ራሳቸውን «ራይተር»፣ ማለትም ጸሐፊ ብለው ይጠራሉ።

ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ መቧጨር ማለት ነው። ግድግዳ ላይ መጻፍም የትናንት ነገር አይደለም። በ79 እሳተ ገሞራ በቀበራት በጥንታዊቷ የሮማውያን ከተማ በፖምፔይ ከ11,000 በላይ የግድግዳ ጽሑፎች ተገኝተዋል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው «ግድግዳ ሆይ፣ የዚህን ሁሉ ጸሐፊ ልፍለፋ ተሸክመህ እስካሁን አለመፍረስህ ይገርመኛል» ይላል።

ዛሬ የምናውቀው ግራፊቲ ግን መነሻው የ1960ዎቹ መጨረሻ ፊላደልፊያ ነው። ኮርንብሬድ የሚባል ወጣት ስሙን በየሰፈሩና በየአውቶቡሱ ይጽፍ ነበር። በስህተት ሞቷል ተብሎ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ መካነ አራዊት ገብቶ ዝሆን ላይ «ኮርንብሬድ በሕይወት አለ» ብሎ እንደጻፈ ራሱ ይናገራል።

ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ታኪ 183 ተነሣ። ታኪ የግሪክ ስሙ ቁልምጫ ነው፤ 183 የሚኖርበት መንገድ ቁጥር። ሥራው መልእክት ማድረስ ስለነበር ከተማውን ከዳር ዳር ያካልል ነበር፤ በሄደበት ሁሉ ስሙን ይጽፋል። የመጀመሪያው እሱ አልነበረም፤ ጁሊዮ 204 ይቀድመዋል። ግን በሐምሌ 1971 ኒውዮርክ ታይምስ ስለ ታኪ ሲጽፍ፣ የከተማው ልጆች ማርከራቸውን ይዘው ወጡ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ምድር ባቡሩ ዞረ። ግድግዳ ባለበት ይቆማል፤ ባቡር ግን ስምህን ብሮንክስ ላይ ተቀብሎ ብሩክሊን ያደርስልሃል። ስም እየበዛ ሲሄድ ግን ከሺህ ስም መሐል ጎልቶ መውጣት ከባድ ሆነ። ስለዚህ ፊደሉን ማሳመር መጣ። ፌዝ 2 የተባለው ጸሐፊ በ1972 ገደማ ፊደሎቹን እንደ ፊኛ አሳበጣቸው። ሌሎች ፍላጻ ሰኩባቸው፣ አቆላለፏቸው፤ ለማያውቅ ዓይን ጭራሽ እስከማይነበቡ ድረስ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሙሉ ፉርጎ ከላይ እስከ ታች በአንድ ሌሊት መቀባት ተጀመረ። ኢኳዶር የተወለደችው ሌዲ ፒንክ በ1979 ስትገባ ወንዶች ብቻ በሞሉበት ዓለም ውስጥ ነበር፤ ስሟን አስጠራች።

የባቡሩን ዘመን የዘጋው እስር አይደለም። የከተማው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ1984 አዲስ ዘዴ ጀመረ፤ የተጻፈበት ፉርጎ እስኪጸዳ ድረስ መንገደኛ አይጭንም። ማንም የማያየው ስም ደግሞ ምን ይረባል? ግንቦት 1989 ላይ የመጨረሻው የተጻፈበት ባቡር ከሥራ ወጣ።

በሙያው ቋንቋ ሦስት ነገሮች አሉ። ታግ በአንድ እስትንፋስ የሚጻፍ ፊርማ ነው። ስሮው-አፕ ያበጠ ፊደል ሆኖ በሁለት ቀለም በደቂቃዎች ያልቃል። ፒስ ሰዓታት የሚወስደው ትልቁ ሥራ ነው። ፒስ መጀመሪያ ደብተር ላይ ይነደፋል። ግድግዳው ላይ በስስ ቀለም ይቀመጣል፣ ውስጡ ይሞላል፣ በመጨረሻ ዳሩ ይሰመራል። ይህች የመጨረሻዋ መስመር ናት ሰውን የምትለየው። ቀለም የሚረጨው ጣሳ ከግድግዳው ከራቀ መስመሩ ይሰፋና ይደበዝዛል፤ ከቀረበ ይቀጥናል። እጅ ለቅጽበት ካመነታ ቀለሙ ተንጠባጥቦ ይወርዳል። ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው አንጓ ሳይሆን ክንዱ በሙሉ ነው፣ ከትከሻ ጀምሮ። እጅ እስኪፈታ ዓመታት ይወስዳል። ጫፉ ላይ ያለችው መርጫም፣ ካፕ የሚሏት፣ እንደ መስመሩ ውፍረት ትቀያየራለች። ለግራፊቲ ተብሎ ቀለም የሚያመርት የመጀመሪያው ኩባንያ፣ ሞንታና ከለርስ፣ በ1994 ባርሴሎና ተቋቋመ። ከዚያ በፊት ለመኪናና ለቤት ዕቃ በተሠራ ቀለም ነበር የሚጻፈው።

በጸሐፊዎቹ መካከል ሕግ አለ። ጀማሪ «ቶይ» ይባላል፤ አንቱ የተባለው «ኪንግ»። ከአንተ በተሻለ ሥራ ላይ ደርቦ መጻፍ ነውር ነው። የሞተ ሰው ስም አይነካም።

ግራፊቲን ወደ አውሮፓ ያሻገረው በአብዛኛው ፎቶግራፍ ነው። ማርታ ኩፐርና ሄንሪ ቻልፋንት የኒውዮርክን ባቡሮች እያነሱ በ1984 ያሳተሙት መጽሐፍ በየአገሩ ላሉ ልጆች መማሪያ ሆነ።

ለእኔ ግን የሚገርመው ያልኮረጁት ናቸው። በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ፒሻሳው የሚባለው የግድግዳ ጽሕፈት የራሱ ፊደል አለው፤ ቀጥ ያለ፣ ሹል፣ ረጅም። መነሻው በ1980ዎቹ የሄቪ ሜታል ሙዚቃ አልበሞች ላይ የነበሩ፣ የጥንት ሰሜን አውሮፓ ፊደል የሚመስሉ አርማዎች ናቸው። ልጆቹ በአብዛኛው ከድሃ ሰፈሮች ወደ መሐል ከተማ ይመጣሉ። ርካሽ ጥቁር ቀለምና ሮለር ይይዛሉ። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ፣ ከመስኮት መስኮት እየተንጠላጠለ ፎቅ ይወጣል። ወድቀው የሞቱ አሉ። ከፍ ባልክ ቁጥር ክብርህ ይጨምራል፤ ፊደሉም ረጅም የሆነው ሕንፃው ረጅም ስለሆነ ነው። በ2008 በከተማዋ ቢየናሌ፣ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ ባዶ የተተወ ወለል ላይ በቡድን ገብተው ጻፉ፤ በ2010 እዚያው ተጋበዙ። የ2011 የብራዚል ሕግ ባለቤቱ የፈቀደውን ግራፊቲ ከወንጀል ሲያወጣ ፒሻሳውን ወንጀል አድርጎ አስቀረው። ብዙ ሰው አስቀያሚ ይለዋል። እኔ ያለፈው ግማሽ ክፍለ ዘመን ካፈራቸው የፊደል ቅርጾች ሁሉ አንደኛ የማደርገው እሱን ነው።

ዳካር ሌላ መንገድ ሄደች። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሴኔጋል ወጣቶች ሰፈራቸውን አጽድተው ግድግዳውን መቀባት ጀመሩ። ንቅናቄው በወሎፍ ሴት ሴታል ተባለ፤ ስሙ ንጽሕናንና ማጽዳትን ያጣመረ ነው። ዶክታ የተባለው ጸሐፊ ከዚያ ትውልድ ወጥቶ በ2010 ፌስቲግራፍ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል መሠረተ። እዚያ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚጻፈው፤ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋግሮ፣ የሰፈር ልጆች ከበው እያዩ።

በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ለውጡ በደም መጣ። በ2011 አንድ የ16 ዓመት ጸሐፊ በፖሊስ ተተኩሶበት ሞተ። ቁጣው ከተማዋን አናወጠ፤ በ2013 የት መጻፍ እንደሚቻል የሚደነግግ ደንብ ወጣ።

ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ደግሞ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባል የፋብሪካ ሕንፃ ነበር። ጸሐፊዎች በባለቤቱ ፈቃድ ከመላው ዓለም እየመጡ ይጽፉበት ነበር። በኅዳር 2013 ባለቤቱ በአንድ ሌሊት ነጭ አስቀባው። 21 ሠሪዎች ከሰሱ። ዳኛው በ2018 ለ45 ሥራዎች እያንዳንዳቸው 150,000 ዶላር፣ በድምሩ 6.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው፤ ፍርዱም በ2020 በይግባኝ ጸና። ነጩ ቀለም ስስ ነበር። ሕንፃው እስኪፈርስ ድረስ ፊደሎቹ ከስሩ ይታዩ ነበር።