የስኳር መለኪያው ዘመድ፦ ስለ ምግብ ባዮሴንሰር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ምግብ ውስጥ ያለን መርዝ በትንሽ መሣሪያ መለካት ገና ሕልም ነው።»
እንዴ! ስኳር ያለበት ሰው ቤት ጎራ በሉ። ጣት ወጋ ይደረጋል፣ የደም ጠብታዋ ስትሪፑን፣ ማለትም ትንሿን የመመርመሪያ ቁራጭ፣ ትነካለች፣ ወዲያው ቁጥር ይመጣል። ያ እኮ ኤሌክትሮኬሚካል ባዮሴንሰር ነው። ስትሪፑ ላይ ያለው ኢንዛይም ስኳሩን ሲያገኝ ኤሌክትሮን ይለቀቃል፤ ማሽኑ የሚለካው ያንን የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ሐሳቡን አሜሪካዊው ሌላንድ ክላርክ በ1962 እ.ኤ.አ. አቅርቦታል። ለምግብ ሲሆን በስኳሩ ፈንታ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ወይም የፀረ ተባይ ቅሪት ይፈለጋል።

«ወተቱን ካፈላሁት ምን ያስመረምረኛል?»
ማፍላት ባክቴሪያ ይገድላል። አፍላቶክሲን ግን ነፍስ የለውም፤ ሻጋታ የሚያመርተው ኬሚካል ነው፣ ወተት የሚፈላበት ሙቀት አያጠፋውም። ላሟ የሻገተ ፋጉሎ ከበላች መርዙ ጉበቷ ውስጥ ተለውጦ ወደ ወተቷ ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ወተት የሚፈቅደው የግራም 50 ቢሊዮንኛ ብቻ ነው። ይህን በምላሱ የሚለይ ሰው ካለ ያስተዋውቁኝ።

«አንዴ ከለካሁ የጆንያውን አወቅሁ።»
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ኦቾሎኒን ውሰዱ። ሻጋታ ጆንያውን እኩል አያዳርስም፤ ጥቂት ፍሬዎች መርዙን ተሸክመው የቀሩት ንፁህ ሊሆኑ ይችላሉ። ከላይ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ብትለኩ መሣሪያው ስለ እፍኟ እውነቱን ይነግራችኋል። ስለ ጆንያው ግን መች ጠየቃችሁት? ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይዘገናል፤ አንድ ላይ ይፈጫል፣ በደንብ ይደባለቃል። ከዚያ ነው መርዙ በፈሳሽ ወጥቶ ጠብታዋ የምትመጣው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከውድ ማሽን በፊት ጥሩ ወፍጮ ይገዛ።

«ላብራቶሪ ሊዘጋ ነው።»
የለም። የወተት ቅባትና ፕሮቲን ኤሌክትሮዱ (ጅረቱን የሚቀበለው የስትሪፑ ክፍል) ላይ እየተለጠፈ ውጤት ያዛባል። መሣሪያው ተጠርጣሪውን ይለያል፤ ለፍርዱ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ናሙናውን በየንጥረ ነገሩ ለያይቶ የሚለካው የላብራቶሪ ዘዴ፣ ይጠራል።

«መርዙን አይቶ ነው የሚናገረው።»
ሁልጊዜ አይደለም። ኦርጋኖፎስፌት ለሚባሉት ፀረ ተባዮች በተሠራው አንዱ ዓይነት ስትሪፕ ላይ አሴቲልኮሊንስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የኛም ነርቮች ያለሱ አይሆንላቸውም። ፀረ ተባዩ ሲደርስበት ኢንዛይሙን ሥራ ያስቆመዋል፣ ጅረቱም ይወርዳል። ዝም ሲል ነው መልስ የሰጠው። ችግሩ፣ ስትሪፑ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ውሎ ኢንዛይሙ ከተበላሸም ያው ዝም ይላል። ምስኪኑ ጎመን በሌለበት ተወነጀለ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሥራውን የሚያውቁት ጎመኑን ከመንካታቸው በፊት አንዷን ስትሪፕ ንፁህነቱ በታወቀ ናሙና የሚፈትኗት።