«ሽማግሌና ልጅ ይዞ በሳይክል መንዝ?»፦ የሰማነውና ያየነው

በ2011 ኅዳር መጨረሻ ላይ ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርገን እስከ መንዟ ከተማ እስከ መሐል ሜዳ በሳይክል ሄድን። አራት ነበርን። አባባ 67 ዓመታቸው ነው። እህቴ ለእረፍት ከለንደን መጥታለች፤ ልጇ 11 ዓመቱ። አራተኛው እኔ። አምስት ቀን ፈጀብን።

ከመነሳታችን በፊት ያልመከረን ዘመድ የለም። አብዛኛው ምክር ስህተት ሆኖ ተገኘ። ከስህተቶቹ ውስጥ የኔም አሉበት። (ዛሬ እሄዳለሁ የሚል ካለ ግን ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ካለ ሰው ይጠይቅ። ያኔ ሌላ ጊዜ ነበር።)

«ሽማግሌና ልጅ ያስቸግራሉ»

ያስቸገርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን ጉልበቴን ላሳይ ብዬ ቀድሜ በረርኩ፤ ከሰዓት በኋላ ጉልበቴ ከዳኝና ዳር ተቀመጥኩ። አባባ ትንሿን ማርሽ አስገብተው፣ ወሬ እያወሩ፣ ቀስ ብለው ደረሱብኝ። ወሬው ነው መለኪያው። እየነዳህ ማውራት ካቃተህ ከአቅምህ በላይ እየሄድክ ነው። ዳገቱ ሲብስ ወርደው ይገፉ ነበር፣ ያለ ምንም እፍረት። መግፋት ሽንፈት የሚመስለን እኛ ጎልማሶቹ ነን።

የልጅ ችግር ሌላ ነው። አቅም አያጣም፣ መቆጠብ ግን አያውቅም። ይሮጣል፣ ከዚያ ድንገት ይርበውና ይነጫነጫል። ስለዚህ ሁለት ሕግ ወጣ። አንደኛ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ቆሎ። ሁለተኛ፣ አባባን ያለፈ ሰው ማታ ውሃ ይቀዳል። ከዚያ በኋላ የቡድኑ ፍጥነት የአባባ ፍጥነት ሆነ፤ ሁላችንም ደህና ሆንን።

መንገድ ላይ አንዲት እናት፣ «ኧረ አባቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ማን አስገደደዎት?» አሏቸው። «የተወለድኩበት አገር ነው እህቴ። በእግሬማ በልጅነቴ ጨርሼዋለሁ» ብለው አለፉ።

«ከፍታ የሚጥለው ደካማ ሰውን ነው»

ከአራታችን ጠንካራዋ እህቴ ናት። ለንደን ውስጥ በየሳምንቱ ትሮጣለች። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ደጋ ሣር ሜዳ አካባቢ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ባደርንበት ሌሊት ራሷን ይዛ ያደረችውም እሷ ናት። ማቅለሽለሽም ነበረባት።

የስፖርት ብቃት ከከፍታ ሕመም አያድንም። ዋናው ነገር ከየት ተነስተህ በምን ያህል ፍጥነት ወጣህ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እኔና አባባ ሳናውቀው ለምደነዋል። እህቴ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይል ከተማ መጥታ፣ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ብቻ አድራ ነው የወጣችው። ልጇ ላይ ግን ምንም አልታየም። ከሰው ሰው ይለያያል።

«እዚያ ላይ ኦክስጅን የለም» የሚባለውም ትክክል አይደለም። የኦክስጅኑ ድርሻ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 3,000 ሜትር ላይ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ያንሳል። አክስቴ «ለከፍታ ፍቱን ነው» ብላ የሰጠችን ነጭ ሽንኩርት እህቴን አላዳናትም። ያዳናት በማግስቱ ከፍ ሳንል ማረፋችን ነው። ሕመሙ ቢብስባት ኖሮ መፍትሔው አንድ ነበር፦ ወደ ታች መውረድ።

«ዳገቱ ነው የሚገድለው»

ዳገት ያደክማል እንጂ አይገድልም። አደገኛው ቁልቁለቱ ነው።

ስንመለስ ሳይክሎቹን አይሱዙ ላይ ጭነን ጣርማ በር ደረስን። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻም በመኪናው አለፍነው፤ ጨለማና ከባድ መኪና ባለበት በሳይክል መግባት ጀግንነት አይደለም። ከዋሻው ወዲያ እኔና እህቴ «እስከ ደብረ ሲና እንንዳ» አልን። አባባና ልጁ መኪናው ላይ ቀሩ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። እኔ ፍሬኑን ሳልለቅ ይዤ ወረድኩ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ከዚያ ጧ!

የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን ሲፈትገው ቸርኬው ይግላል። ሙቀቱ ውስጥ ያለውን አየር ይወጥረዋል፣ ካላመዳሪው ይፈነዳል። ደግነቱ የኋላው ጎማ ነበር። መያዝ ያለበት ጠንከር አድርጎ ለአፍታ፣ ከዚያ ለቀቅ፤ አንዴ የፊቱን፣ አንዴ የኋላውን። በየመሀሉ ቆሞ ማቀዝቀዝም ያስፈልጋል። ለልጅ ደግሞ ጣቱ ይዝላል። የእህቴን ልጅ መኪና ላይ በማስቀረታችን እስካሁን ደስ ይለኛል፣ እሱ ግን እስካሁን አኩርፏል።

«ውድ ሳይክል ያስፈልጋል»

የሚያስፈልገው ትንሽ ማርሽ፣ ሰፋ ያለ ጎማና ጥሩ ፍሬን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የእህቴ ውድ ሳይክል የጎማው ቫልቭ (አየር የሚገባበት) ቀጭኑ ዓይነት ነው። የጎሚስታው ጎማ መንፊያ የሚገጥመው ግን ለወፍራሙ፣ ለመኪናው ዓይነት ነው። ጎሚስታው አይቶ ሳቀና መለሰላት። የእጅ ፖምፓችን ባይኖር እዚያው ነበርን።

«ስንቅ ካልጫናችሁ ትራባላችሁ»

መንዝ ገብስና ባቄላ አገር ነው። በሶ ለሳይክል ነጂ የተፈጠረ ምግብ ነው፤ ቀላል፣ አይበላሽ፣ ውሃ ብቻ ይበቃዋል። ያልገመትነው ጾሙን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ልጁ እንቁላል ሲጠይቅ፣ በየቤቱ ሽሮ መጣለት።

«ኅዳር ፀሐይ ነው፣ ጃኬት ምን ያደርጋል?»

ቀን አዎ። ማታ ውርጭ ነው። ጠዋት የውሃ ላስቲኮቻችን አፋቸው በረዶ ይዞ ነበር። ከዚያ ቁልቁለት ሲመጣ ላብህ ላይ ነፋሱ ይገባል። ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ሳይበርድህ ልበስ።

«ጭላዳ ያባርራል፣ ቀይ ቀበሮ በግ ይጨርሳል»

ጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር ነው። ተቀምጦ ሲነጭ ይውላል። የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ደግሞ አይጥና ፍልፈል ነው። ሁለቱም ጓሳ ላይ የቆዩት አጥር ስለታጠረ አይደለም። የመንዝ ሰው «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩ የሚታጨድበትንና የሚዘጋበትን ጊዜ ራሱ እየወሰነ ለዘመናት ስለጠበቀው ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አናጋው እንጂ ሰዉ ጥበቃውን አልተወም።

አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ልጁ ሳይክሉን ጥሎ አያቱ ጀርባ ገባ። «ሳቀብኝ እኮ!» አለ። ሳቅ አልነበረም፤ «እዚያው ሁን» ማለቱ ነው። አባባ ሳይክሉን አነሱለትና፣ «ሰማኸው አይደል? እንግዲያው በዚያ በኩል ዙር» አሉት።