ኢንግልኑክ ምንድን ነው? ሐዲዱን አታስረዝሙት!

ሰሞኑን አንድ ሰው መደርደሪያ ላይ ሦስት የሞዴል ባቡር ሐዲድ ዘርግቶ «የኔ ኢንግልኑክ» ብሎ አሳየ። ያምራል። ሣሩ፣ ዘይት የጠጣው አፈር፣ የዛገው ፉርጎ፣ ሁሉም እውነተኛ ይመስላል። ግን ኢንግልኑክ አይደለም። ይባስ ብሎ አንድ ወንድማችን ምክር ሰጠው፦ «ቦታ ካለህ ሐዲዶቹን አስረዝማቸው፣ ለመጫወት ይመችሃል።» ኧረ በሕግ አምላክ!

ትንሽ የሞዴል ባቡር ሁሉ ኢንግልኑክ አይባልም። ኢንግልኑክ እንግሊዛዊው አለን ራይት የነደፈው የፉርጎ ማደራጃ እንቆቅልሽ ነው። ቁጥሮቹም የታወቁ ናቸው። ጫፋቸው ዝግ ከሆነው ሦስት ሐዲዶች አንዱ 5 ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት። ሦስቱ የሚገናኙበት፣ ባቡሩ ወጥቶ የሚመለስበት መውጫ ደግሞ ሎኮሞቲቩን (ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን) እና 3 ፉርጎ፣ በቃ። ፉርጎዎቹ 8 ናቸው። ቁጥራቸውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሲኒ ውስጥ ትጨምራላችሁ፣ 5 ታወጣላችሁ። የወጡትን በወጡበት ተራ ረጅሙ ሐዲድ ላይ ማሰለፍ ነው ሥራው። ሊወጣ የሚችለው ሰልፍ 6,720 ዓይነት ነው። ለአንድ መደርደሪያ አያንስም።

አዲስ አበባ ጠባብ ግቢ ተከራይቶ መኪና ያሳደረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የእናንተ መኪና ግድግዳው ሥር ናት። ከፊቷ ሁለት መኪና ቆሟል። ንጋት ላይ መውጣት ካለባችሁ ጎረቤት መቀስቀስ ነው። የተነሳችውን መኪና ደግሞ የሆነ ቦታ ማቆም ያስፈልጋል፣ በሩ ላይ ያለችው መንገድ ጠባብ ናት። ችግሩን የፈጠረው የቦታው ልክ ነው። ግቢውን ስታዲየም አድርጉትና ማንም ማንንም አይዘጋም። ዘበኛውም እንቅልፉን ይለጥጣል። ሐዲዱን አስረዝም ማለት ይኸው ነው።

ምሳሌዬ የምታነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መኪኖች አይያያዙም። ፉርጎ ይያያዛል። 7 ቁጥር የተሞላው አጭር ሐዲድ ጥግ ገብታለች እንበል፣ ሌላው አጭር ሐዲድ ባዶ ነው። ሦስቱንም ስቦ መውጣት ነው፤ መውጫው ልክ ሦስት ይይዛል። ከዚያ ወደ ባዶው ሐዲድ መግፋት። 7ን እዚያ ፈትቶ መተው። ሁለቱን ይዞ መመለስ። መውጫው 2 ብቻ ቢይዝ ይህ አይሆንም። 8 ቢይዝ ደግሞ ሁሉንም አውጥቶ እንደ ካርታ ማደል ነው፣ ጨዋታው አለቀ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ መውጫው ላይ ነው። ሦስቱን ሐዲዶች በማስመሪያ ለክቶ ሲያበቃ መውጫውን ጣውላው በተረፈው ልክ ይተወዋል። ልኩ የሚጀምረው ሐዲዱ ከሚከፈልበት መቀየሪያ ጫፍ ነው። ፉርጎም ሲለካ ከነመያያዣው ነው፣ ሁሉም እኩል ርዝመት ይኑረው። ሐዲዶቹ የሚለያዩበት አንገት ላይ የቆመ ፉርጎ በጎን የሚያልፈውን ስለሚገጭ ያቺን ቦታ አትቁጠሯት።

ቦታ ካነሰ መላው ቁጥሩን አብሮ መቀነስ ነው። 3፣ 2፣ 2፣ መውጫው ሎኮሞቲቩና 2፣ ፉርጎው 5፣ ሰልፉ 3። 60 ዓይነት ሰልፍ ይወጣል። ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ በሳምንት ግን ይሰለቻል።

ታይምሴቨር ከሚባለው ሌላ የፉርጎ እንቆቅልሽ ጋር አታምታቱት እንጂ። የአሜሪካዊው የጆን አለን ታይምሴቨር ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎቹን ዞሮ ከኋላ የሚይዝበት ሐዲድ አለው። እዚህ የለም።

የድሮውን ድሬዳዋ መሥራት ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር፣ ባትጠይቁኝም። ያ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። በ1፡87 መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ) የሚሄደው 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው። ሱቅ የሚሞላው 16.5 ሚሊሜትር ለአዲሱ የጅቡቲ መስመር ነው የሚሆነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሁሉንም በልክ ከሠራሁ በኋላ አንድ ረጅም ሎኮሞቲቭ አይቼ ልቤ ደነገጠና ገዛሁት። መውጫው ላይ ሲቆም ከኋላው የሚተርፈው ለሁለት ፉርጎ ብቻ ሆነ። አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ ያደንቀዋል።