ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል፦ ኤሌክትሪክ በኦርጋኒክ ስስ ሽፋን ውስጥ

ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ብለን ነው ያደግነው። ሽቦ የሚለበጠውም በሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ግን ተመራማሪዎቹ ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ በረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት የተሠራ ቁስ) ከአዮዲን ጋር ሲያገናኙት የማስተላለፍ አቅሙ በሚሊዮኖች እጥፍ ጨመረ። በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት።

ኦርጋኒክ ሴሚኮንዳክተር (ከፊል አስተላላፊ) የሚባሉት እንዲህ ያሉ ከካርቦን የሚሠሩ ቁሶች ናቸው። ብዙ ጊዜ 100 ናኖ ሜትር ገደማ በሆነ ስስ ሽፋን ይዘጋጃሉ። ከጸጉር በመቶዎች እጥፍ ይቀጥናል። አንዱ ዘዴ ቁሱን በፈሳሽ አሟሙቶ በሚሽከረከር መስታወት ላይ ማንጠባጠብ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የኤሌክትሮኑ ጉዞ ነው። በሲሊከን ክሪስታል ውስጥ ሰተት ብሎ ያልፋል። እዚህ ግን ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ሌላው ይዘላል። ደብረ ብርሃን ላይ የበሬሳን ወንዝ በበጋ ድንጋይ እየረገጠ የተሻገረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ድንጋዮቹ ከተቀራረቡ መሻገር ቀላል ነው። አንዱ ከራቀ ግን ሰው መሀል ላይ ይቆማል። ስለዚህ የሞለኪውሎቹ አደራደር ወሳኝ ነው። ያው ፖሊመር፣ ፈሳሹ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይደረደራል፤ በውስጡ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ቻርጅም ይፈጥናል።

መዝለል ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ብረት ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ይበልጥ ይቀለዋል። እነዚህ ሽፋኖች ግን በብርድ አብዛኛውን ጊዜ ይዳከማሉ። ሌላው ጠላት እርጥበትና ኦክስጅን ነው። ሁለቱም ቻርጁን የሚይዝ ወጥመድ ይፈጥራሉ። የጣርማ በር ጉም ውስጥ ሳይታሸግ የተተወ ሽፋን ዕድሜው አጭር ነው።

ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑ ከተወው ባዶ ቦታ ጋር ተሳስቦ ይቀራል። ጥንዱ 10 ናኖ ሜትር ያህል ተጉዞ ይጠፋል። የኦርጋኒክ ሶላር ሠሪዎች ለዚህ ሲሉ ሁለት ቁስ ያዋህዳሉ፤ ጥንዱ የሚለያየው በሁለቱ ድንበር ላይ ነው። የአሞሌድ ስልክ ስክሪን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ኤሌክትሪክ ይገባል፣ ብርሃን ይወጣል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳር ጠዋቱ ውርጭ፣ ቀትሩ ፀሐይ ነው። ያንኑ ሽፋን ጠዋትና ቀትር ማሞቂያ በሌለው ክፍል ቢለኩት የማስተላለፍ አቅሙ ቁጥር ይለያያል። የሚለካ ተማሪ ከቁጥሩ ጎን የክፍሉን ሙቀት ይጻፍ።